አራተኛው ቱቦ

— ሄሎ? … ማነው? … ቆይ ቆይ፣ እጄ ቅባት ነው፣ በክርኔ ነው ያነሳሁት። … ኤክሃርት። አንተ ነህ እንዴ።

— ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ገና አልጨረሰም እኮ። … ሰፈሩ ጸጥ የሚልበት የቀትር እረፍት እስኪያልቅ ጠብቀህ ነው? ለገዛ እህትህ ለመደወልም? … እሺ፣ ሕግ ሕግ ነው።

— ወይዘሮ ሂንክል፣ እንዳይለቁት። … ወንድሜ ነው። … አዎ፣ የሙሽራዋ አባት። እርስዎ ብቻ ደግፈው ይያዙልኝ፣ ከለቀቁት ቀለሙ ይጫራል።

— ጎረቤቴ ናቸው። ልብስ ሰፊዋ፣ ታውቃቸዋለህ እንጂ፤ የጣሪያውን የውስጥ ጨርቅ የሰፉት እሳቸው ናቸው። አሁን ቮልሷ ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ ተንበርክከው ጣሪያ ተሸክመዋል፣ በሰባ አራት ዓመታቸው። እኔ ፊት ወንበር ላይ በጀርባዬ ተኝቻለሁ። ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ አደረግኩት። ትሰማኛለህ? … ጥሩ።

— አልጨረስኩም። … ሁለት ቪቲ ቀርቶኛል አልኩህ። …

— ማን ይመጣል? … ሰኞ? ሰኞ ማንም አይመጣም። ለበያጁ ደውለህ አትምጣ በለው። … ላሜራው ተቆርጦ ከተዘጋጀ የዶሮ ቤት ይክደንበት። ይቺ ተከፋች ጣሪያ አትበየድም። … ሞቼ ነው ቆሜ? … አልጮህኩም። ድምፄ ነው።

— አውቃለሁ የልጅህ ሰርግ እንደሆነ፣ በዚች መኪና እንደምትሄድም። ማራይኬ ለእኔስ ማን ናት? … አዎ፣ ነጭ ቀሚስ። አዎ፣ ጠብታ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለዚያ ጠብታ ሰምቻለሁ፤ ቀሚሱን ሳላየው ጠብታውን ለመድኩት።

— ብያለሁ። ቃሌን አላጥፍም። አንዲት ጠብታ ውስጥ ከገባች ትበየዳለች፤ ካልገባች አባዬ እንደገዛት ትቆያለች። … ግማሽዋ የአንተ ነው፣ ልክ ነህ። ቀዳዳው ግን በእኔ ግማሽ በኩል ነው ያለው። … አትሳቅ፣ የምሬን ነው።

— ትንሽ ወደ እርስዎ ይሳቡት ወይዘሮ ሂንክል። … እንደሱ። ገባ። አሁን ይልቀቁትና ወገብዎን ያሳርፉ።

— ምን አልክ? … አዎ፣ ጠዋት ጠምሞብኝ ነበር። ማን ነገረህ? … ይሄ ሰፈር። ጠምሞ ነበር፣ ምን አለበት? ጣሪያውን የሚገፉት ሁለት ሽቦዎች ናቸው፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። አንደኛው በአንድ ጥርስ ቀድሞ ነበር፣ በአንዲት ጥርስ። እንደ ሰካራም ጎኑን ሰጥቶ ተቀረቀረ። … በመዶሻ? አንተ ብትሆን በመዶሻ ነበር። እኔ የእጅ ማዞሪያውን ፈታሁ፣ ሁለቱን ጎን በእጄ እኩል አምጥቼ በሜትር ለካሁ፣ ከዚያ ማዞሪያውን መልሼ አሰርኩት። ጉልበት የመስታወት ጠላት ነው፣ አይል ነበር አባዬ? … ላሜራም ቢሆን ያው ነው።

— እስቲ ዝም ብለህ ስማ። … እያዞርኩት ነው። … ተከፈተ። … ተዘጋ። ሰማኸው? እንደ ቅቤ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ያልተሰማ ድምፅ ነው። … የልብስ ስፌት መኪና ይመስላል? ይምሰላ፣ እሱም የተከበረ ዕቃ ነው።

— ኤክሃርት፣ ‘ድሮም ያፈሳል’ ያለው ማነው? … እማዬ አለች። አንተ አልክ። ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር አለ። አባዬ ግን አንድ ቀን አላለም። ‘ልክ ናችሁ’ አለ እንጂ ያፈሳል አላለም።

— አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይሄ ጣሪያ ውሃ እንዳያስገባ የተሠራ ይመስልሃል? … አየህ፣ ሁላችሁም የተሳሳታችሁት እዚህ ጋ ነው። በዙሪያው ያለው ጠርዝ ሱፍ ነው። ውሃ ይገባል፣ እንዲገባ ተብሎ ነው የተሠራው። ከሥሩ አሸንዳ አለ፣ በአሸንዳው አራት ማዕዘን አራት ቱቦ። በምሰሶዎቹ ውስጥ ወርዶ ደጅ ይንጠባጠባል፤ ሁለቱ በፊት በሮች ማጠፊያ በኩል፣ ሁለቱ ከኋላ ፓራፋንጎ ሥር። ውሃን አትከልክለውም፣ መውጫውን ታሳየዋለህ። … እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ አባዬ ነው። አንተ ያኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለህ ነበር።

— ውሃ ወቀጣ ነው? እሺ፣ አብረን እንወቅጠዋለን። ወይዘሮ ሂንክል፣ የአትክልት ማጠጫውን ይሙሉልኝ እስቲ። …

— ዕቃ ደርድሬያለሁ፣ በየቱቦው ሥር አንዳንድ። … በሰርግ ዋዜማ ልማድ ለሙሽሮቹ መልካም ዕድል አርብ ማታ ደጃፋችሁ ላይ ሊሰበር የተሰበሰበው ሸክላ ነዋ። እስከ አርብ ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ብዬ ነው። ጆሮ የሌለው የሾርባ ዕቃ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ድስት መሳይ፣ የወይዘሮ ሂንክል አማት የአበባ ማስቀመጫ። … ብርጭቆ የለበትም፣ አትስጋ። የመስታወት ገጣሚ ልጅ ሆኜ ለሙሽራ መስታወት አልሰብርም፣ ገዱ ክፉ ነው።

— ስልኩን ወደ ደጅ አወጣሁት። ትሰማለህ? … ያፍስሱ ወይዘሮ ሂንክል። ከጣሪያው ላይ፣ ዝም ብለው እንደ ዝናብ። …

— ኋላ ቀኝ። … ጠብ። ሰማህ? … ኋላ ግራም መጣ፣ እሱ ሳህኑ ላይ ነው። … ፊት ቀኝ፣ እሱማ እየወረደ ነው። ሦስት። …

— ቆይ። … ፊት ግራ ገና ነው። … ቆይ አልኩህ። … ዝም አለ።

— ‘አልኩሽ’ አትበለኝ። … ደስ አይበልህ። … ያቁሙ ወይዘሮ ሂንክል፣ አሸንዳው ሞልቷል፣ ጨርቁ ላይ ሊገነፍል ነው። ፎጣ። ሌላም። … አይ፣ አልገባም። አሸንዳ ውስጥ ያለ ውሃ ደጅ ነው የሚቆጠረው። … ዳኛ አትሁንብኝ፣ አሸንዳው ላይ ፎጣ ይዤ ነው ከአንተ ጋር የምከራከረው።

— ለማን ልትደውል ነው? ለበያጁ? ስልኩን ከዘጋህ ሰርጉ ላይ አታየኝም። … እንደዚያ ነው። ቁም። እህትህ እዚህ ተንበርክካለች፣ አንተ እዚያ ቁም።

— ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አውቃለሁ። የሦስቱን መውጫ ከበሰበሰው ላሜራ ጋር ቆርጠን ጥለን በአዲስ ተክተናል። ይሄኛውን ጠንካራ መስሎኝ ሳልነካው ተውኩት። … ወይዘሮ ሂንክል፣ ያ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ የት አለ? … ከላይ እየከተትኩት ነው። … ይሄዳል። … ይሄዳል። … ቆመ።

— መጨረሻው ላይ ነው፣ ማጠፊያው ጋ። አንድ ደረቅ ነገር አለ። … ትንሿን ካቻቪቴ። … አይ፣ ጠፍጣፋዋን። … እምቢ አለ። … እምቢ ይበላ፣ እኔም ከእሱ አላንስም። … ነቅነቅ አለ። …

— ወይኔ፣ ፊቴ ላይ። … ይሳቁ፣ ይሳቁ ወይዘሮ ሂንክል። ኤክሃርት፣ ፈሰሰ። አራተኛውም ፈሰሰ። ውስጡ? ጨርቁን ይንኩልኝ ወይዘሮ ሂንክል። … ደረቅ። ሰማህ፣ ደረቅ ነው አሉ። ቃልህን ቆጥረህ አስረክብ።

— ቆይ ግን። … ቆይ፣ ይሄ የወጣው ነገር። … ዝገት አይደለም። ጭቃም አይደለም። … ድንጋይ ሆኗል። … ስቱኮ ነው። የመስታወት ስቱኮ፣ አባዬ መስኮት ሲገጥም የሚጠቀምበት። ስሰብረው ውስጡ አሁንም የተልባ ዘይት ይሸታል።

— አባዬ? አባዬ የራሱን ቱቦ በራሱ ስቱኮ ይደፍናል? … አይ፣ ተወኝ ልየው። መነፅርዎን ያውሱኝ ወይዘሮ ሂንክል። … የጣት አሻራ አለበት። ተጠቅጥቆ ነው የገባው፣ በአውራ ጣት። … መሃሉ ላይ ሰያፍ መስመር አለ።

— ኤክሃርት። … ግራ አውራ ጣትህን እስቲ እየው። … እየው እንጂ። የቡፌውን መስታወት ስትሸከም የቆረጠህ ቦታ። …

— ሄሎ? … ትሰማኛለህ? … ጠባሳው አለ። አንተ ነህ የጠቀጠቅከው።

— መቼ? … ጮክ በል። … መንጃ ፈቃድ ያወጣህ ሳምንት። … ልትጨፍር ስትሄድ። አዎ፣ ቡናማው ጫማ፣ አስታውሰዋለሁ፣ ማንንም አላስነካም ብለህ። … በሩን ስትከፍት ከማጠፊያው ጫማህ ላይ ጠብ አለ። … የሚያፈስ መሰለህ። ከአባዬ ቆርቆሮ ስቱኮ ቆንጥረህ … አራቱንም? … አራቱንም።

— ወይዘሮ ሂንክል፣ ይቀመጡ። … አይ፣ ደህና ነኝ። ይቀመጡ ብቻ።

— ለእሱ አልወቅስህም። አሥራ ስምንት ዓመትህ ነበር፣ ጫማውም ጫማ ነው። የማንም ጎረምሳ ቂልነት ነው። … እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። የስቱኮው ጥፋት እንደሆነ መቼ ገባህ? … በዚያው መኸር። የመኪናዋ ወለል በስብሶ የእማዬ ተረከዝ ሲያልፍበት። … ያኔ ገብቶህ ነበር።

— አዎ፣ እኔም ነበርኩ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበር። እማዬ ‘መኪና ግዛ ስልህ ሰማይ ገዝተህ መጣህ’ አለችው። እሱ እጁን ጠርጎ ጠርጎ ‘ልክ ነሽ’ አላት። አንተ በሩ ጋ ቆመህ ነበር፣ ያንን ጫማ አድርገህ። … አድርገህ ነበር፣ ከላይ ሆኜ አይቼዋለሁ። አንዲት ቃል ነበር የምትበቃው።

— ዕድሜውን ሙሉ የሰው መስኮት ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። ለራሱ አንዲት ቀዳዳ ፈለገ፣ ገዛት፣ ያቺኑ አፈረባት። ሸራ አልብሶ ጎተራ ከተታት፣ ቁልፉን ምስማር ላይ ሰቀለ። … የገና ዛፍ በጣሪያዋ ቆሞ የመጣው ከዚያ በፊት የነበረው ገና ነው፣ ታስታውሳለህ? አንተ ግንዱን አቅፈህ፣ ቅጠሉ አንገትህ ውስጥ እየገባ ስትራገም፣ እሱ ሲስቅ። ከዚያ ወዲህ ሲነዳ ስቆ አይቼው አላውቅም። እኔ ጣሪያው ያመጣው ጣጣ ነው ብዬ አመንኩ። እኔም አምኜው ነበር፣ ገባህ?

— እና አሁን በያጅ። … አይ፣ አይ፣ ቀሚሱን ተወው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የፈራኸው ጠብታውን ነው ወይስ ስቱኮውን? …

— እሺ። … ስቱኮውን። ቢያንስ አሁን እውነቱን ነገርከኝ።

— ይቅርታህን ለእኔ አታባክን። አባዬ ከተቀበረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ እሱም አይሰማህም። እማዬ ግን እዚያው ቤትህ ናት፣ ከአንተ በታች ባለው ክፍል። ዛሬም ዝናብ ሲጥል ‘የአባታችሁ ሰማይ ገባ’ ትላለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እስቃለሁ። አንተም ትስቃለህ፤ እስከ ዛሬ እንዴት እንደምትስቅ ነው የገረመኝ።

— አሁን የሚሆነውን ልንገርህ። በያጁ አይመጣም። ቅዳሜ ማራይኬ በዚች መኪና ትሄዳለች፣ ጣሪያዋ ክፍት ሆኖ። … ከዘነበ እንዘጋዋለን፣ ማዞሪያ አለው እኮ። … ስቱኮውን አልጥለውም። አርብ ከሸክላው ጋርም አልሰብረውም። … ለማንም አላሳይም፣ አትርበትበት። ወይዘሮ ሂንክልም አላዩም። … አላየሁም ይላሉ። መኪናውን እኔ ጠግኛለሁ። ይሄኛውን አንተ ትጠግናለህ።

— ነገ አይሆንም። … ከሰርጉ በኋላም አይሆንም። ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው። ዛሬ፣ አሁን፣ ቴሌቪዥን ሳትከፍት ወይም እንቅልፍ ሳይወስዳት። … ምን ልበላት ነው የምትለኝ? ለእኔ ያልከውን። ከጫማው ጀምር።

— አትዝጋ፣ አንዴ ቆይ። ስልኩን መሬት ላይ አስቀምጠዋለሁ። ጆሮህን እንዳታነሳ። … ወይዘሮ ሂንክል፣ ይድገሙልኝ እባክዎ። ቀስ ብለው። …

— ሰማህ? … ቁጠር። … አይ፣ አንተ ቁጠር፣ እኔ ቆጥሬያለሁ። … አዎ። አራት።

— በል፣ ወደ እማዬ ክፍል ውረድ። እኔ ዘጋሁ።