የጋሼ ሰይድ ቃር

ሸማ ተራ ከሱቄ አጠገብ ጋቢ የሚሸጡት የወሎው ሰው ጋሼ ሰይድ፣ ምሳቸውን ጥብስ በሚጥሚጣ በልተው እዚያው የጋቢ ክምር ላይ ጋደም ማለት ይወዳሉ። ባለፈው ደረታቸውን ይዘው ብድግ አሉና «ልቤ እየነደደ ነው፤ መሞቴ ነው፤ አፉ በይኝ» አሉኝ። «ምን በድለውኝ?» ብላቸው፣ «ጋቢዋ የማሽን ነው እያልኩ ደንበኞችሽን ስወስድብሽ ኖሬያለሁ» አይሉኝም! ደሜ ፈላ፤ ግን ሊሞት ነው የሚባል ሰው እንዴት ይሰደባል? «አፉ ብያለሁ፣ አሁን እንሂድ» አልኳቸው። አንድ ጊዜ ስለ ጨጓራ ካነበብኩት ተነስቼ ቃር ይሆናል ብዬ ብጠረጥርም፣ ደረቱን ያመመውን ሰው በግምት አልተውም፤ ክሊኒክ ይዣቸው በረርኩ።

ሐኪሟ በደንብ መረመረቻቸውና «ልብዎ ደህና ነው፤ ቃር ነው። በልተው ወዲያው ሲጋደሙ የጨጓራ አሲድ ወደ ጉሮሮ ይወጣል። ከምግብ በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ቁጭ ይበሉ፤ ሚጥሚጣውንም ይቀንሱ» አለቻቸው። ጋሼ ሰይድ መዳናቸው ሳያስደስታቸው መናዘዛቸው አንገበገባቸው። ታክሲ ውስጥ ቀስ ብለው «ያልኩሽን እርሺው እንግዲህ» አሉኝ።

«እረሳለሁ። ግን ከነገ ጀምሮ ምሳ በልተው እኔ ሱቅ በር ላይ ይቀመጡና፣ ለመጣው ገዢ ሁሉ ጋቢዬ የእጅ ሥራ መሆኑን ይመስክሩልኝ።»

«ሦስት ሰዓት ሙሉ?»

«እኔ ምን አደረግኩ፣ ሐኪሟ ናት ያዘዘችው» አልኳቸው።