ቡናማውን ኮት የለበስኩት እኔ ነበርኩ

የምስክር ቃል፣ ለሁለተኛ ጊዜ የተሰጠ

ስም፦ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተያዘው
ዕድሜ፦ 53
የጋብቻ ሁኔታ፦ ባለትዳር፣ የአንዲት ልጅ አባት
ሥራ፦ የመጽሐፍ ጠራዥ የነበረ፣ በአሁኑ ጊዜ ሥራ የሌለው
አድራሻ፦ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ፣ ባለ ሦስት ፎቁ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሰኞ ሰኔ 9 ቀን፣ ከጠዋቱ 2፡50 ሰዓት

ቅዳሜ ግንቦት 30 ቀን በመኖሪያ ቤቴ ለዚሁ ጣቢያ መርማሪ የሰጠሁት ቃል ሐሰት ነው። በዚያ ቃሌ ሐሙስ ግንቦት 28 ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ፣ በስርቆት ተጠርጥሮ የተያዘውን ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌርም አላውቀውም ብያለሁ። ሥራ ላይ አልነበርኩም። ሾፌሩንም አውቃቸዋለሁ። ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ እንድናገር ስለተፈቀደልኝ እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

በማተሚያ ቤቱ ሃያ ስድስት ዓመት መጽሐፍ ጠርዣለሁ። ባለፈው ጥቅምት ወር የእኛን ሥራ የሚሠራ ማሽን ገባና ስድስት ሰዎች ተሰናበትን። ደብዳቤውን ኪሴ ከትቼ ቤት ስደርስ ባለቤቴ በር ላይ ጠብቃ ልጃችን ከክፍሏ አንደኛ መውጣቷን ነገረችኝ። ደስታዋን ላለማደፍረስ ነገ እነግራታለሁ ብዬ አሳደርኩት። ነገ ሌላ ነገ እየወለደ ስምንት ወር ሊሞላው ነው። ባለቤቴ በየጠዋቱ ምሳዬን ትቋጥርልኛለች፣ እኔም እንደ ሠራተኛ ሰው 1፡30 ሰዓት ላይ ወጥቼ ከቀኑ 11፡30 ላይ እመለሳለሁ። የስንብት ክፍያዬን በየወሩ እየቆነጠርኩ ደመወዝ ነው ብዬ እሰጣት ነበር።

መጀመሪያ ላይ በአውቶቡስ ጣቢያና በቤተ መጻሕፍት እየዞርኩ ቀኑን እገፋው ነበር። በኅዳር ወር አንድ ዝናባማ ጠዋት በአንድ ትልቅ የብረት በር ፊት ሰዎች ተሰልፈው አየሁ። ከጣሪያው ሥር ልጠለል ብዬ አብሬ ቆምኩ። ለካ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ኖሮ ሰልፉ ለጥያቄና መልስ ውድድር ታዳሚ ለመሆን ነው። በሩ ላይ ስም ሲመዘግቡ የራሴን ስም ፈርቼ የቅጽል ስሜን ሰጠሁ። መግቢያው በነፃ ነው፣ ዳቦና ሻይም ይሰጣሉ፣ ከሁሉ በላይ ግን ተቀመጡ ይሉሃል እንጂ እዚህ ምን ትሠራለህ የሚል የለም። ከዚያ ወዲያ ማክሰኞና ሐሙስ ሳልቀር የምሄድ ሆንኩ።

አዳራሹ ከውጭ ሲታይ መጋዘን ነው። በቴሌቪዥን የሚያብረቀርቀው ግድግዳም ከጀርባው በሽቦ የታሰረ ስስ ጣውላ ነው። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ያደረገ አንድ ቀጭን ሰው ከካሜራዎቹ አጠገብ ይቆማል፣ እኛ አስጨብጫቢው እንለው ነበር። አንድ እጁን ሲያነሣ እናጨበጭባለን፣ ሁለቱንም ሲያነሣ እንነሣለን፣ አፉን በመዳፉ ሲከድን እንደነግጣለን። ተወዳዳሪዎቹ ከመግባታቸው በፊት ደግሞ ምንም ሳይባል ለሁለት ደቂቃ ያህል ያስቀን ነበር፣ ሳቁ ተቀርጾ በኋላ የትም ይገባል። መጀመሪያ አፈርኩ። በሦስተኛው ቀን ግን ቤቴ ከምስቀው ይበልጥ እዚያ እስቅ እንደነበር አልደብቅም።

በአንድ ቀን ሦስት ዝግጅት ይቀረጻል፣ የሚተላለፈው ግን በሦስት የተለያዩ ሳምንታት ነው። ስለዚህ እኛን ደንበኞቹን አስጨብጫቢው በየመሐሉ ቦታና ልብስ እንድንቀያየር ያዝዘን ነበር። ተመልካቹ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰው እንዳያይ ነው።

ሾፌሩን የተዋወቅኩት እዚያ ነው። ሳቃቸው ከአውቶቡስ ጥሩምባ ስለማይተናነስ ሰዉ ሁሉ ጥሩምባ ይላቸዋል፣ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሳቃቸው ለድምፅ መቅረጫው እንዲቀርብ ሁልጊዜ አራተኛ ረድፍ ላይ ያስቀምጧቸው ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ለምን እንደሚመጡ ስጠይቃቸው፣ «ቤት ስሆን የሚያናግረኝ ሬዲዮ ብቻ ነው፣ እሱም መልስ አይጠብቅም» አሉኝ። ያላወቁት ጥያቄ ሲመጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ይሄ በእኔ መስመር ላይ የለም» ይላሉ፣ እኔም ሳቄን አፍኜ እቀራለሁ።

በጥር ወር ምሳ ዕቃዬን ስከፍት አዩኝና፣ «ወንድሜ፣ ሥራ ያለው ሰው በማክሰኞ ቀን እዚህ ምን ያደርጋል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ምሳዬን ለሁለት እንበላ ነበር። እሳቸውም የት ሥራ እንደተከፈተ በሰሙ ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ያመጡልኝ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ሲይዘን እስከ ደጄ በጃንጥላቸው ሸኝተውኛል፣ ቤቴን ያወቁት በዚህ ነው።

ሐሙስ ግንቦት 28 ቀን የሆነው እንደሚከተለው ነው። ሁለተኛው ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት በተለመደው ትእዛዝ ኮት ተለዋወጥን። እኔ የእሳቸውን ቡናማ ኮት ለበስኩ፣ እሳቸው የእኔን ግራጫ ኮት ለበሱ። ቀረጻው 8፡15 ላይ አለቀና ዕረፍት ሆነ። ሾፌሩ ጉልበታቸው አብጦ ስለነበር ለመድኃኒታቸው ውኃ ፈለጉ። እርስዎ አይነሡ ብዬ 8፡20 ገደማ እኔ ሄድኩ። የውኃው በርሜል ያለው በኮሪደሩ፣ ተወዳዳሪዎች ልብስ ከሚቀይሩበት ክፍል ፊት ለፊት ነው። የጥበቃ ሠራተኛው ስልኩን እየነካካ ነበር፣ ሳልፍ ቀና ብሎ መልሶ አቀረቀረ። ውኃ ስቀዳ ትከሻው ላይ የተጠቀለለ ገመድ ያንጠለጠለ የስቱዲዮው ሠራተኛ ከልብስ መቀየሪያው ክፍል ወጣ። በእጁ ጥቁር ቦርሳ ይዟል፣ በሩን በተረከዙ ገፍቶ ዘጋው። በቦርሳው ውስጥ ምን እንደነበር አላውቅም። ሰውየውን ባየው እለየዋለሁ። 8፡25 ላይ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ሾፌሩ ሦስተኛው ቀረጻ እስኪጀመር ከወንበራቸው አልተነሡም።

ከሦስተኛው ቀረጻ በፊት ኮቶቻችንን መልሰን ተለዋወጥን። ቀረጻው 10፡10 ላይ ሲያልቅ ወደ ቤት የምመለስበት ሰዓት እንዳያልፍብኝ ቶሎ ብዬ በጎን በር ወጣሁ። አንዲት ተወዳዳሪ የእናቷ የአንገት ሐብልና ስልኳ ተሰርቆባት በሮቹ የተዘጉት፣ ጥበቃውም ቡናማ ኮት የለበሰ ሰው በኮሪደሩ አይቻለሁ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ኮቱ በዚያን ሰዓት በባለቤቱ በሾፌሩ ላይ ስለነበር የተያዙት እሳቸው ናቸው።

ቅዳሜ ከምሽቱ 12፡15 ሰዓት ይህንኑ ቃል የሚጽፉት መርማሪ ሾፌሩ በጠቆሟቸው መሠረት ቤቴ መጡ። ባለቤቴ ወንበር ሰጠቻቸው። ልጄ ዩኒፎርሟን ትተኩስ ነበር። መርማሪው ሐሙስ ዕለት 8 ሰዓት ላይ የት ነበሩ ብለው ሲጠይቁኝ እኔ አፌን ሳልከፍት ባለቤቴ፣ «ሐሙስማ ሥራ ላይ ነበር፣ ምሳውን የቋጠርኩለት እኔ ነኝ» አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አዎ አልኩ። ቀጥለው ሾፌሩን ያውቋቸው እንደሆነ ጠየቁኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ሰውየውን አላውቀውም» አልኩ። ጋሼ እያልኩ የኖርኩትን ሰው ሰውየው ብዬ ካድኩ። መርማሪው ደግመው፣ ሾፌሩ ግን ኮቴን ለብሶ ውኃ ያመጣልኝ እሱ ነው ይላሉ ሲሉኝ ሳቅኩ። በምልክት ስንስቀው የኖርነው ዓይነት ሳቅ ነበር። ከዚያም ፈረምኩ። ሥራ ማጣቴ እንዳይታወቅ ብቻ አይደለም፣ ኮቱ በእኔ ላይ ነበር ካልኩ የምያዘው እኔ ነኝ ብዬም ፈርቻለሁ። መርማሪው ከወጡ በኋላ ባለቤቴ፣ «ምን ዓይነት ሰው ነው፣ በማያውቀው ሰው ስም ሊያመልጥ?» አለች።

ረቡዕ ሰኔ 4 ቀን ከጠዋቱ 1፡30 ላይ ምሳዬን ይዤ ስወርድ የሾፌሩ ልጅ ከደረጃው ሥር ቆማ ጠበቀችኝ። ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። አልተቆጣችም፣ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም።

«ጋሼ፣ ጠራዡ እርስዎ ነዎት? አባቴ ደህና መሆንዎን ጠይቂልኝ ብሎ ልኮኝ ነው» አለችኝ። «እሱ እኔን አላውቅም አይልም፣ አንድ ነገር ቢሆን ነው፣ ምናልባት ታሞ ይሆናል ይላል። አባቴ ራሱ ወለል ላይ እየተኛ ጉልበቱ ብሶበታል።»

«ልጄ፣ ተሳስተሻል፣ እኔ አይደለሁም» አልኳት።

በሥራ ላይ ቢላዋ የቆረጠኝ ጠባሳ በቀኝ አውራ ጣቴ ላይ አለ። አባቷ ነግረዋት ኖሮ እጄን አየችው። እጄን ኪሴ ከተትኩ። እሷም፣ «እንግዲያው ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብላ ሄደች። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ነበረች። ያን ቀን ምሳዬን መብላት አቅቶኝ ለውሻ ደፋሁት። ቢሆንም ወደ ጣቢያ አልመጣሁም። ሐሙስም፣ ዓርብም፣ ቅዳሜም አልመጣሁም።

ትናንት እሑድ ሰኔ 8 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ውድድሩ ተላለፈ። ልጄ ጥያቄዎቹን ከተወዳዳሪዎቹ ቀድማ መመለስ ትወዳለች። እኔ በየሳምንቱ በዚያ ሰዓት ምክንያት ፈጥሬ እወጣ ነበር፣ ትናንት ግን ባለቤቴ እግርህን ሰብስበህ ተቀመጥ አለችኝ። መሐል ላይ ካሜራው በአራተኛው ረድፍ ላይ አለፈ። ቡናማውን ኮት ለብሼ ጭንቅላቴን ወደ ኋላ ጥዬ እስቃለሁ። አጠገቤ ሾፌሩ እጅጌው ባጠራቸው ግራጫ ኮት ተቀምጠዋል። ልጄ፣ «አባዬ፣ አንተ ነህ» አለች። ጥያቄ አልነበረም።

ባለቤቴ እኔን አላየችም፣ ሾፌሩን ነበር የምታየው። «ያ ያንተ ኮት ነው፤ ክርኑን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «ፖሊስ የጠየቀህ ሰው እሱ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኩ። «አሁን የት ነው?» አለች። እስር ላይ ናቸው አልኩ። ከዚያ ስለ ሥራው፣ ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ስምንቱ ወር ሁሉንም ዘረገፍኩት። እስክጨርስ ሰማችኝ። «ሥራ ማጣትህን አብረን እንችለው ነበር» አለች። «ሰው አሳስረህ እኔ የቋጠርኩትን ምሳ ይዘህ መውጣትህን ግን ምን ላድርገው?» ልጄ ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ክፍሏ ገባች።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ እስከ ጣቢያው በር አብራኝ መጣች። እስክገባ ድረስ ቆማ ታየኝ ነበር።

መርማሪው በራስህ ፈቃድ መጣህ ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ማንም አላስገደደኝም። ሆኖም ኅሊናዬ አስጨንቆኝ መጣሁ ተብሎ እንዳይጻፍልኝ እጠይቃለሁ። ካሜራው ባያሳየኝ ኖሮ ዛሬም ባልመጣሁ ነበር ብዬ እሰጋለሁ።

ቃሌን ለመስጠት በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ሾፌሩን ፊታቸውን ሊያስታጥቧቸው ሲወስዷቸው አየሁ። ግድግዳውን እየተደገፉ ያነክሳሉ። እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «መጣህ? ደህና ነህ? ልጄ አላገኘሁትም ስትለኝ እኔ እኮ ሥራ አግኝተህ ሩቅ የሄድክ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ፖሊሱ መነጋገር ክልክል ነው ብሎ ወሰዳቸው።

የምጨምረው ነገር እንዳለ ተጠይቄ አንድ ነገር አመልክቻለሁ። ይህ ቃል ለሾፌሩ እንዲነበብላቸው እፈልጋለሁ። መነጽራቸው ቤት ስለቀረ ራሳቸው ማንበብ አይችሉም። አላውቀውም ያልኩበት ቦታ እንዳይዘለል። ለልጃቸው የመለስኩላትም እንዳይዘለል።

በመጀመሪያ በሰጠሁት የሐሰት ቃል በሕግ ልጠየቅ እንደምችል ተነግሮኝ ተረድቻለሁ፣ የማቀርበው ሰበብ የለኝም። ከላይ የተጻፈው ተነብቦልኝ ሰምቼዋለሁ። የእኔው ቃል ነው፣ በዚህኛው ውስጥ ሐሰት የለበትም፣ ለዚህም ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

የመርማሪ ማስታወሻ፦ ቃሉ በዚሁ ዕለት ከረፋዱ 5፡10 ሰዓት ላይ ለተጠርጣሪው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦለታል። ተጠርጣሪው ልጁ ምስክሩን ያነጋገረችበት ክፍል እንዲደገምለት ጠይቆ ተደግሞለታል። አስተያየት እንዳለው ተጠይቆ የለኝም ብሏል። ከቀኑ 9፡00 ሰዓት ላይ ተለቆ ከልጁ ጋር ወጥቷል። ምስክሩ በዚያን ሰዓት ከበሩ ውጭ ቆሞ ነበር። አልተነጋገሩም።