የላሜን ራት የበላው ጎማ

ወደ የካ አባዶ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ ትልቅ ጆንያ ሙሉ ገለባ ተሸክመው ገቡ። ረዳቱ ወዲያው ጮኸ፤ "አባባ፣ ነፋስ የሚወስደው ነገር የሰው ቦታ ይይዛል እንዴ?"

"ነፋስ እንዳይወስደውማ ነው ከዘመድ አውድማ ስሰበስብ የዋልኩት" አሉ፣ ከቅንድባቸው ላይ እብቁን እያራገፉ። "ላሜ ትግጥበት የነበረው ሜዳ ኮንዶሚኒየም ሆኗል። ምን ላብላት?" እኔም አንገቴን ሲያሳክከኝ ለረዳቱ አድልቼ አጉረመረምኩ።

ዳገቱ ላይ ስንደርስ ቧንቧ ፈንድቶ መንገዱን ጭቃ አድርጎታል። ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፤ ወርደን ብንገፋ ወይ ፍንክች! ሁላችንም ጭቃ በጭቃ ሆነን ጆንያውን አየነው። ሽማግሌው ነገሩ ገባቸው፤ በረጅሙ ተነፈሱና አፉን ፈቱት። ገለባውን ጎማው ስር ነስንሰን እንደገና ስንገፋ መኪናው ዘሎ ወጣ። እልልታው ቀለጠ!

ረዳቱ እንደ ሙሽራ ደግፎ ጋቢና አስቀመጣቸው። "አባባ፣ ይባረኩ! ለካ ገለባም ይጠቅማል!"

"ይጠቅማል እንጂ" አሉ ባዶ ጆንያቸውን እያጣጠፉ። "የላሜን ራት ጎማህ በላው። እንግዲህ ጠዋት እሱን አምጣልኝና ልለበው።"