በረኛዋ ሳትጠራ የወጣችበት ጨዋታ

ክቡራትና ክቡራን፣ የክለባችን አሠልጣኞች፣ የቦርድ አባላት፣ ወላጆች፤

እሑዳችሁን ትታችሁ፣ ይህን የሬኒየር ቢች አዳራሽ ሞልታችሁ ስለሸኛችሁኝ ፈጣሪ ያክብርልኝ። እጅጋየሁ፣ ዝግጅቱን ብቻሽን እንደተሸከምሽው አውቃለሁ፤ ትከሻሽ አይዛል።

"ሚኒሶታ ምን አለሽ?" ትሉኛላችሁ። ልጄ አለልኛ! አራት ዓመት ሙሉ የበረዶ ሆኪ ሜዳ ዳር ስንቀጠቀጥ አይቶኝ፣ ብርድ የምወድ መስሎት ነው መሰለኝ የባሰበት አገር የሚወስደኝ።

አሠልጣኛችን ቴዲ መጀመሪያ ኮል አድርጎ "እትዬ ውባንቺ፣ ኮሌጅ ስታቲስቲክስ ያስተምሩ የለ? ሶ፣ የእኛን ልጆች ጨዋታም ይዩልን" ሲለኝ፣ ፓክ የምትባለዋን ጠፍጣፋ ጎማ እንኳ በዓይኔ መከተል አልችልም ነበር። "የቷ ናት?" እያልኩ ስጠይቅ ጎል ይገባል።

ዛሬ ግን ስለ አንድ ጨዋታ ብቻ ልናገር። የቦርዳችን ሰብሳቢ አቶ ተክለ ጻድቅ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ይህን ወሬ ባላነሣው እንደሚወዱ አውቃለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሳልናገረው አልሄድም።

በሆኪ በአንድ ጎል እየተመራህ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ በረኛህን አስወጥተህ አንድ ተጨማሪ አጥቂ ታስገባለህ። ጎሉ ባዶውን ይቀራል። ብዙ አሠልጣኞች የመጨረሻዋን ደቂቃ ይጠብቃሉ። እኔ የብዙ ጨዋታዎችን መረጃ ሰብስቤ ሳሰላው፣ ያ በጣም የዘገየ ሆኖ አገኘሁት። በአንድ ጎል መሸነፍና በሁለት መሸነፍ ልዩነቱ ምንድን ነው? ሁለቱም ሽንፈት ነው። ስለዚህ በረኛዋ ሦስት ደቂቃ ሲቀር ትውጣ አልኩ።

ሁለት ጊዜ ሞከርን። ሁለቴም ባዶው ጎል ውስጥ አገቡብን። ታስታውሳላችሁ አይደል? አንድ አባት ከተመልካቹ መሐል ተነሥተው "በሩን ከፍቶ የሚተኛ ማነው?" ብለው ጮኹ። አቶ ተክለ ጻድቅም እኔንና ቴዲን ጠርተው "ሦስተኛ ጊዜ ይህን ካየሁ ሁለታችሁንም አሰናብታለሁ" አሉን። ቀልድ አልነበረም።

ከዚያ ግማሽ ፍጻሜው መጣ። ጠዋት ኤዶምን፣ በረኛችንን፣ በመኪናዬ ይዣት ስሄድ ድንገት "ስታስወጡኝ አታምኑኝም ማለት ነው?" አለችኝ።

"አይደለም የኔ ልጅ። አንቺ እንዳይገባብን ትከለክያለሽ። በዚያች ሰዓት ግን የጎደለን ማግባት ነው።"

"ኦኬ፣ ሜክስ ሴንስ፣ ገባኝ" አለች።

ሁለት ለአንድ እየተመራን ሦስት ደቂቃ ቀረ። ኤዶም በእጁ እንዲጠራት ወደ ቴዲ አየች። የቴዲ እጅ የሜዳውን አጥር እንደጨበጠ ቀረ፤ አልተነሣም። ከመስታወቱ ጀርባ አቶ ተክለ ጻድቅ ቆመዋል። እኔ በስሌቱ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ግን ዕድል ሰፋ ማለት ጎል ይገባል ማለት ነው እንዴ? ደግሞስ በቴዲ ላይ ምን ብዬ ልፍረድ? የሚያጣው እንጀራውን ነው።

ኤዶም እንደገና አየችው። ከዚያ ማንም ሳይጠራት ጎሏን ትታ መጣች!

ቴዲ ሲያያት ባነነ። "ሃሴት፣ ግቢ! ግቢ!" ብሎ አጥቂዋን አስገባ። ወዲያው ፓኳን ቀሙንና ከመሐል ሜዳ ወደ ባዶው ጎል መቱ። አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። "ቋ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ይግባ አይግባ አላውቅም። ዓይኔን ስገልጥ ፓኳ ቋሚውን መትታ ተመልሳለች። ልጆቻችን ይዘዋት ሮጡ፤ ትርምስምሱ ውስጥ ሃሴት አገባች። ሁለት እኩል!

በጭማሪው ሰዓት ተሸነፍን።

ኮሪደሩ ላይ አቶ ተክለ ጻድቅ ፊታቸው ተለዋውጦ ኤዶምን "ማነው ያስወጣሽ?" አሏት።

ቴዲ ቀድሞ "እኔ ነኝ" አለ።

"ኖ" አለች ኤዶም። "እሱ አልጠራኝም። አይ ጀስት ዌንት፤ ራሴ ነኝ የወጣሁት።"

"ስሌቱ የእኔ ነው" አልኩ። "የሚባረር ካለ እኔ ልሁን።"

"አቻ ስላደረጋችሁ ነው ልባችሁ ያበጠው?" አሉ አቶ ተክለ ጻድቅ።

"አይደለም ጌታዬ። ያቺ ቋሚውን የመታች ፓክ ብትገባ ኖሮም ውሳኔው ልክ ነበር።"

አቶ ተክለ ጻድቅም እስከ ዛሬ የማከብረውን ጥያቄ ጠየቁኝ፦ "ወይዘሮ ውባንቺ፣ መረጃዎ የመጣው ከትልልቆቹ ሊግ ነው። የእኛ ልጆች እንደነሱ ያቀብላሉ?"

"አጣርቼ ልምጣ" አልኳቸው። ስለዚህ ማንም ሳይባረር የውድድር ዓመቱ ተዘጋ። የልጃገረዶቹን ሊግ ቪዲዮ በሙሉ አንድ በአንድ አየሁ፤ እሳቸውም ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገቤ እየተቀመጡ ተከራከሩኝ። ቀድሞ ማስወጣቱ ለእኛም ይጠቅማል፤ ጥቅሙ ግን እኔ ካልኩት ያነሰ ነው። ሦስቱን ደቂቃ ወደ ሁለት አወረድነው። የቴዲንም ውል አደሱለት።

ዘንድሮም ኤዶምን አስወጥተን ባዶው ጎል ውስጥ ገብቶብናል። ተሸንፈን ስንወጣ አቶ ተክለ ጻድቅ የቴዲን ትከሻ ይዘው "ከእኛ የሚጠበቀውን አድርገናል" ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። እኔም "ሚኒሶታ ነይ" ለሚለኝ ልጄ ያን ቀን ነው "እሺ፣ እመጣለሁ" ያልኩት።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ልጆቻችሁን በጤና ያሳድግላችሁ። አጥንታቸውን ከስብራት፣ ልባቸውን ከፍርሃት ይጠብቅላችሁ። ቴዲ፣ በምትወስንበት ሰዓት እጅህ አይራድ። ለሁላችሁም፣ ድል ባገኛችሁ ቀን የሚያጨበጭብ አታጡም፤ በተሸነፋችሁ ቀን ግን አጠገባችሁ የሚቆም ሰው አይንሳችሁ።

አሜን በሉኝ።