ቡፌ ውስጥ የተቀመጠው ምድጃ

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. በነሐሴ ወር፣ ዝናቡ ሐረርን አላስቀምጥ ባለበት በአንዱ ጠዋት፣ ጡረታ የወጡት የፍርድ ቤት ጸሐፊ አቶ አባይነህ ሸዋ በር በሚባለው የከተማው መግቢያ ከእንጨት ሻጮቹ ፊት ተቸግረው ቆመዋል። ማገዶ ሲገዙ በዕድሜያቸው ያ ቀን የመጀመሪያቸው ነበር። በከዘራቸው ሸክሙን ሁሉ ይነካካሉ፤ የትኛው ደረቅ፣ የትኛው እርጥብ እንደሆነ ግን ከዘራው አይነግራቸውም። እንጨቱን ተሸክመው ከሐኪም ተራራ የወረዱት ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ይስቁባቸዋል።

«ደኅና አደሩ አባባ አባይነህ? ምነው፣ እርስዎ ራስዎ መጡ?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላቸው። ዐብዱልሐሚድ ነበር፤ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ሙያ ተምሮ ተመልሶ፣ ከበሩ አጠገብ ሱቅ የከፈተ ወጣት። አባቱ በሕይወት ሳሉ የአቶ አባይነህ ወዳጅ ነበሩና እሳቸውን ሲያይ ቆብ የማውለቅ ያህል ጎንበስ ይላል።

«ደኅና ነኝ ልጄ። የባለቤቴ የለተማርያም ዓይን ትንሽ አስቸግሯት ነው። ባለፈው የገዛችው እንጨት እርጥብ ሆኖ ተገኘ፤ አላየችውም።»

«አላህ ይማራቸው። ለመሆኑ ልጅዎ ለገሠ ከእኔ ሱቅ የገዛላችሁ የኤሌክትሪክ ምድጃ ተበላሸ እንዴ?»

«ምን ይበላሻል? በክብር ተቀምጧል!» አሉ አቶ አባይነህ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «ቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ መካከል፣ ዳንቴል ተነጥፎለት። ልጄ ከድሬዳዋ ሲመጣ የገዛልኝ ነው እያልኩ ለእንግዳ ሁሉ አሳየዋለሁ።»

እንዲህ ያለ ሰው በከተማችን ሞልቶ ነበር። ሥልጣኔን አይጠላም፤ እንዲያውም እንግዳ ዓይን ውስጥ እንዲገባለት ይወዳል። ሚስቱ ትሥራበት የሚል ሐሳብ ግን በደጁም አያልፍ።

«አባባ፣ እሱ ዕቃ እኮ የተሠራው ሊበሰልበት ነው» አለ ዐብዱልሐሚድ።

«ተው እባክህ! በሽቦ የበሰለ ወጥ ምን ጣዕም ይኖረዋል? ደግሞ ኤሌክትሪክ ሰው ይይዛል።»

«ላልተጠነቀቀ ሰው እሳትም ይፈጃል። እናቴ ዐይሻ በመጀመሪያ ከእርስዎ የባሰ ፈርታ ነበር። በእርጥብ እጅ፣ በባዶ እግር እንዳትነካው አሳየኋት፤ አሁን አልሐምዱሊላህ ሳሉም ለቀቃት። ወጥ የሚያጣፍጠው የባለሙያዋ እጅ ነው እንጂ፣ ወላሂ፣ ጭሱ አይደለም።»

«የእኛዋ ይህን ሁሉ ዘመን በእንጨት ስታበስል ኖራ ምን ሆነች?» አሉ አቶ አባይነህ።

ቃሉ ከአፋቸው እንደ ወጣ ራሳቸው ደነገጡ። ዐብዱልሐሚድ አስተዳደግ ያለው ልጅ ነውና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና አባባ፣ ማድ ቤታችሁ ውስጥ ቁጭ ብለው ያውቃሉ?»

«ወንድ ልጅ ማድ ቤት ምን ይሠራል?»

«ዛሬ አንድ ወጥ እስኪወጣ ድረስ ብቻ ይቀመጡ። ከዚያ በኋላ ምድጃው ቡፌ ውስጥ ይቆይ ካሉኝ ሁለተኛ አላነሣብዎትም።»

አቶ አባይነህ እንጨቱን አስይዘው እየተነጫነጩ ቤታቸው ገቡ። ቢሆንም እልኸኛ ናቸውና ግቢውን ተሻግረው፣ ጎንበስ ብለው ማድ ቤቱ ውስጥ ዘለቁ።

ወይዘሮ ለተማርያም የእግራቸውን ኮቴ ሲሰሙ ከተቀመጡበት ዱካ ተነሡ። «ምን ጎደለብዎ? ምን አጠፋሁ?» አሉ።

«ምንም። ልቀመጥ ብዬ ነው።»

ወይዘሮዋ ግራ ገባቸው፤ ሽሮው ግን መድረስ ነበረበትና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ባለፈው የተገዛው እርጥብ እንጨት አልያዝ ብሎ ጭሱ ቤቱን ሞላው። ፊታቸውን ከጉልቻው አስጠግተው እፍ ይላሉ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፤ በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉትና እንደገና እፍ ይላሉ። በርበሬውን በማሽተት ለይተው አነሡት። ድስቱ የት ላይ እንዳለ ለማወቅ ደግሞ ጠርዙን በጣታቸው ነኩት፤ ጣታቸውን ፈጥነው ወደ አፋቸው ወሰዱ። ጣቶቻቸው ሁሉ በአሮጌና በአዲስ የቃጠሎ ጠባሳ ተሞልተው ነበር። «ትንሽ አስቸግሯት ነው» ያሉት ዓይን ይህ ነበር።

የሠራተኛ እጅ የነካውን ወጥ አልበላም ያሉት አቶ አባይነህ ራሳቸው ናቸው። ሐኪሙ አምና «ጭስ አታስቀርቧቸው፤ የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ጠብቁ» ሲላቸው፣ የሐኪም ወግ ነው ብለው የናቁትም እሳቸው ናቸው። ሳላቸውን መያዝ አቅቷቸው ወደ ውጭ ወጡ፤ ከግድግዳው ተደግፈው ለብዙ ጊዜ ቆሙ። እንባቸው የጭሱ ብቻ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ዐብዱልሐሚድን አስጠሩት። ከሳሎኑ ወደ ማድ ቤቱ ወፍራም ሽቦ ዘረጋ፤ ሶኬቱን ውሃ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ገጠመ፤ ምድጃውንም ከቡፌው አውጥቶ በጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«ይኸውላችሁ» አለ፣ «ጭስ የለው፣ አመድ የለው። ዝናብ ቢዘንብም እንጨት ደረቀ አልደረቀ ብሎ መጨነቅ ቀረ። ማዞሪያዋን ሲቀንሱ እሳቱ ይቀንሳል፤ ሽሮም አይገነፍል። ኢንሻአላህ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ደግሞ አመጣለሁ፤ ለመታጠቢያም ለመጠጥም ወዲያው ያደርሳል። አደራ፣ ከነቀላችሁት በኋላም የምድጃው ጥምዝምዝ ሽቦ ለጊዜው ይፋጃል።» ይህን ብሎ ተሰናብቷቸው ሄደ።

ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ቀሩ። አቶ አባይነህ ማዞሪያዋን አዞሩ፤ ጥምዝምዙ ሽቦ ቀስ በቀስ ቀላ፤ ማድ ቤቱም በሙቀት ተሞላ።

«መቼ ነው የሚለኮሰው?» አሉ ወይዘሮ ለተማርያም።

አቶ አባይነህ ከቀላው ሽቦ ወደ ሚስታቸው ዓይን ዞር አሉ። «ተለኩሷል» አሉ።

ወይዘሮዋ ሙቀቱን ተከትለው እጃቸውን ሰደዱ። አቶ አባይነህ አንጓቸውን ያዙና አስቆሟቸው፤ ሚስታቸውን ማድ ቤት ውስጥ ሲነኩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ሽታም የለው፤ ዓይኔንም አልለበለበኝ» አሉ ወይዘሮ ለተማርያም እየተገረሙ። ከዚያ ወደ ባላቸው ዞረው፣ «ይኸው ነው ቡፌው ውስጥ የነበረው? በየቅዳሜው አቧራውን ስጠርግለት የኖርኩት?» አሉ።

ቁጣ አልነበረባቸውም። አቶ አባይነህ ግን ቢቆጧቸው በወደዱ ነበር።

«እሱው ነው» አሉ። ዱካ ስበው ከጎናቸው ተቀመጡ፤ ድስቱንም ራሳቸው አንሥተው ጣዱት። «ከዛሬ ጀምሮ የሚጣደውን እኔ እጥዳለሁ፤ የሚወርደውን እኔ አወርዳለሁ። ነገም ለማኅበርተኞቼ እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለው?»

«ማድ ቤታችሁ ገብታችሁ ተቀመጡ እላለሁ፤ ሚስቶቻችሁ ስትገቡ ገና ሊያዩዋችሁ በሚችሉበት ጊዜ።»