የጠፋው የእንሰት ጽሑፍ

አየር ጤና አካባቢ ባለ ቤተ መጻሕፍት ነው የምሠራው። ሰው ፈልጎ ያጣውን ጥናታዊ ጽሑፍ ከኢንተርኔት አድኖ ማውጣት የኔ ሥራ ነው። ባለፈው አንድ ጡረታ የወጡ የእርሻ ባለሙያ መጡና ስለ እንሰት በሽታ የተጻፈ የድሮ ጽሑፍ ፈልጊልኝ አሉኝ። ርዕሱን ግማሽ በግማሽ ነው የሚያስታውሱት። ብፈልግ ብፈልግ የለም።

«ጋሼ፣ ጸሐፊውን ለምን አንጠይቀውም? ኢሜይል ብንጽፍለት ደስ ብሎት ይልክልናል» አልኳቸው።

«እሱም ጋ የለም።»

«እንዴት አወቁ?»

«ጸሐፊው እኔ ነኛ! ኮምፒውተሬ ተበላሽቶ ጠፋብኝ። ልጆቼ ደግሞ ‹ጻፍኩ ትላለህ እንጂ የታለ?› እያሉ ይስቁብኛል።»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ስማቸውን ጠየቅኳቸው። ተክሌ ወልዴ ይባላሉ። ተክሌ ብዬ ስፈልግ ምንም የለም። ፈረንጆቹ የአባትን ስም እንደሚያስቀድሙ ትዝ ሲለኝ ወልዴ ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉ ከነሙሉ ገጹ ዱብ አለ! ጋሽ ተክሌ መነጽራቸውን አድርገው ስሙን ሲያዩ ክው አሉ።

«ወልዴ? አባቴ እኮ ፊደል አልቆጠሩም!» ብለው ሲጮኹ አንባቢው ሁሉ ዞሮ አየን።

አትሜ ሰጠኋቸውና «ስሙን እንዲያስተካክሉት ለአሳታሚዎቹ ልጻፍላቸው?» አልኩ።

ትንሽ አሰቡና ወረቀቱን አጥፈው ኮታቸው ኪስ ከተቱት።

«ተይው ልጄ» አሉኝ፤ «ያጠናሁትን እንሰትም የተከሉት እሳቸው ናቸው።»