ምስጢሬን ፊልም ያደረጉት ታላቅ ወንድሜ

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ የሟችን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ የተመረጥኩት ታናሽ ወንድማቸው በመሆኔ ነው፤ ሌላ ሰው ቢያነበው ግን በወደድኩ።

ጋሼ ከልብስ ሰፊ አባታችንና ከአዋላጅ እናታችን የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። በትምህርታቸው ጎበዝ ቢሆኑም ልባቸው ያለው ሲኒማ ቤት ስለነበር፣ አንዱን ፊልም ሦስቴ አይተው ሲመለሱ የእናታችን ቁጣ ደጃፍ ላይ ይጠብቃቸው ነበር። ኋላም የፊልም ሥራ ተምረው፣ ለዓመታት የቀረጻ መብራት ተሸክመውና የሰው ካሜራ ጠብቀው፣ በመጨረሻ ዳይሬክተር ለመሆን በቁ። ከመምህርት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተውም ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

ስማቸውን ያስጠራው የወንጀል ፊልማቸው የሚያሳየው የአንድ ሰዓት ሠሪ ሱቅ ሲሰረቅ ነው። ጥበቡን አልክድም። ሌባው የበሩን ደወል በጥጥ አፍኖ ሲገባ፣ ሙዚቃ የለ፣ ንግግር የለ፣ የግድግዳ ሰዓቶቹ ብቻ ቀጭ ቀጭ ሲሉ፣ ተመልካቹ ትንፋሹን ውጦ ሌባው እንዳይያዝ ይጸልያል። ሌባን እንዲህ የሚያስወድድ ዳይሬክተር ከየት ይገኛል!

ሌባው እኔ ነበርኩ። እህታችን እያፈጠጠችብኝ ነው፤ ብታፈጥጥም አነባለሁ። በወጣትነቴ ከአሠሪዬ ሱቅ አንድ የኪስ ሰዓት ሰርቄ፣ በሦስተኛው ቀን ተጸጽቼ ማንም ሳያውቅ ቦታው መልሼ፣ ለጋሼ ብቻ የነገርኩትን ጉድ እሳቸው ከነጥጡ አደባባይ አወጡት። መመለሴን ግን ፊልሙን ያቀዘቅዘዋል ብለው ቆርጠው ጣሉት። ያኔ ደወሉ ላይ ረስቼው የወጣሁትን ጥጥ አሠሪዬ አግኝተው ሲገረሙ ኖረው ነበርና፣ ከልጃቸው ጋር ሲኒማ ቤት ተቀምጠው ነገሩ ገባቸው። በማግስቱ ሥራዬን፣ በሳምንቱ እጮኛዬ የነበረችውን ልጃቸውን አጣሁ። ጋሼ በዚያው ወር ሽልማት ተቀበሉ።

በሳንባ ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ ሊያርፉ ሰሞን ያንን ፊልም አብሬያቸው እንዳይ አስጠሩኝ። የሱቁ ትዕይንት ሲደርስ ፊቴን ትክ ብለው ሲያዩኝ፣ ይቅርታ ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ልቤ ተንጠለጠለ። የጠየቁኝ ግን የሰዓቶቹ ድምፅ በዝቶ እንደሆነ ነበር። አልበዛም አልኳቸው፤ እውነትም አልበዛም።

ጋሼ በስልሳ አራት ዓመታቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንድ የልጅ ልጃቸውን፣ እህታችንንና ሳያገባ የቀረ አንድ ወንድማቸውን ትተው አርፈዋል። ቸሩ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ በደላቸውንም ይቅር ይበላቸው። እኔ ገና ይቅር አላልኳቸውም።